ለሰርግ ቅጠል አይከለከልም

አምቦ ላይ የማይበላ ነገር ከተከላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ "ይበላል?" የሚል ነው። አይበላም ስትሉ "ለመድኃኒት ነዋ?" ይከተላል። ለመድኃኒትም አይደለም ካላችሁ ጠያቂያችሁ አሰብ ያደርግና "ታዲያ ለማገዶ?" ይላል። ግራ ሲገባችሁ "ለማየት ነው" ያላችሁ እንደሆነ አንዴ እናንተን አንዴ ተክሉን ያይና፣ የታመመ ሰው ጠይቆ እንደሚወጣ ሁሉ "እንግዲህ እግዜር ይርዳችሁ" ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

አልፈርድበትም፤ እኔም ከዚሁ ወገን ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት መድኃኒት መደብር ውስጥ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ነው። እዚያ ለማየት ተብሎ የሚቀመጥ ነገር የለም። እያንዳንዱ ጠርሙስ ለምን እንደሆነና እንዴት እንደሚወሰድ ተጽፎበታል። ስለዚህ ባለቤቴ አስቴር አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ከጉደር ችግኝ ጣቢያ ጭራሮ የመሰሉ ሁለት ቀጫጭን ነገሮች በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላ ስትመጣ ከአፌ ምን የወጣ ይመስላችኋል?

"ይበላል?"

"አይበላም።"

"ታዲያ ምን ይሠራል?"

"ዓመቱን ሙሉ ቢጫ ሆኖ ይኖራል።"

በቃ። ዓመቱን ሙሉ ቢጫ ሆኖ ይኖራል። ሌላ ሥራ የለውም። እኔም እንዲህ ያለ ሥራ ቢገኝልኝ ደመወዙን ሳልጠይቅ እገባ ነበር።

የችግኝ ጣቢያው ሰው ዱራንታ ይባላል ብሏታል። ሰፈሩ ግን ለሁለት ክረምት ካየው በኋላ "ቢጫ ጥድ" ብሎ ሰየመው። ጥድ አይደለም፤ ከጥድ ጋር የሥጋም የጋብቻም ዝምድና የለውም። ቅጠሉ ደቃቅና ለስላሳ ነው፤ ጫፍ ጫፉ የሎሚ ልጣጭ የመሰለ ቢጫ ነው። ግን ሰፈር ስም ካወጣ ማን ይመልሰዋል? አስቴር ራሷ መጀመሪያ ትከራከር ነበር፤ ኋላ ሲደክማት እሷም ቢጫ ጥዴ ማለት ጀመረች። አስተማሪ ናት፤ አንደኛ ደረጃ ነው የምታስተምረው፤ ተማሪ እንጂ ሰፈር እንደማይታረም ከማንም በላይ ታውቃለች።

ሁለቱን ጭራሮዎች በበሩ ግራና ቀኝ ተከለቻቸው። ፍግ አለበሰቻቸው። በበጋ ጎመን ያጠበችበትን ውሃ አጠጣቻቸው። ፍየል እንኳ አፍንጫዋን አስጠግታ ታሸትና ትመለሳለች እንጂ አትነካቸውም፤ ይኸ ደግሞ በእኛ መንገድ ትልቅ በረከት ነው። ቁጥቋጦዎቹም እንደ ጉድ አደጉ። ግን አንድ አመል አላቸው፤ ፀሐይ ካላገኙ ቢጫነቱን ይተዉትና እንደማንኛውም ተራ ቅጠል አረንጓዴ ሆነው ያርፋሉ። ጠዋት ጠዋት የሚጋርዳቸው ማን ነበር? የኔ ኮክ። እንዴት ያለች ኮክ ነበረች መሰላችሁ! ሐምሌ ላይ ፍሬዋ ቅርንጫፏን እስኪሰብረው ትይዝ ነበር። የምትበላዋ ለማትበላዋ ስትባል ተቆረጠች። ሦስት ቀን ያህል ከአስቴር ጋር የተነጋገርነው በጨው አቀብይኝ ብቻ ነው።

አሁን እዚህ ላይ፣ አገሩን ለማታውቁት አንድ ነገር ላስረዳ። አምቦን በነሐሴ ያያት ሰው ቀለም የሚቸግራት አይመስለውም። ያኔ አጥሩም፣ የቦዩ ዳርም፣ የጣሪያው አሸንዳ እንኳ ሣር ያበቅላል። ጉዱ የሚመጣው ከገና ወዲያ ነው። ንፋሱ ይነሳል፤ አቧራው የጌዶን መንገድ ይዞ ይገባና እንደ ዘመድ በየቤቱ ይቀመጣል፤ ሣሩ ገለባ ይሆናል፤ ባሕር ዛፉ ግራጫ ሸማ ይለብሳል። ያን ጊዜ በጠቅላላው ሰፈር ለዓይን የሚሆን ነገር ቢኖር የአስቴር ሁለት ቁጥቋጦዎች ነበሩ።

እና ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው።

ጥር ሲገባ በየመንገዱ ቋሚ ይቆማል፣ ሸራ ይወጠራል፣ ዳስ ይሆናል። ዳስ ደግሞ በሩ ላይ የለመለመ ነገር ካልተንጠለጠለበት ዳስ አይባልም፤ የእህል መጋዘን ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ጎረምሶች ማጭዳቸውን ይዘው ቅጠል ፍለጋ ይወጣሉ። ፍለጋ አልኩ እንጂ ፍለጋ የለውም፤ በቀጥታ ወደ እኛ ነው የሚመጡት። "አካም ጂርቱ፣ ሃዳ ሲፈን!" ይሏታል አስቴርን፤ የሲፈን እናት እንዴት ነሽ ማለታቸው ነው፤ እየሳቁ፣ እያከበሩ፣ ትከሻቸውን ዝቅ እያደረጉ። ሰላምታው ሳያልቅ ማጭዱ ሥራ ጀምሯል። አይጠይቁም። የሚጠየቅ ነገር አይደለማ! ወንበራችን ተሰብሯል ብላችሁ ወንበር ልትከለክሉ ትችላላችሁ። ሴት ልጃችሁን ልትከለክሉ ትችላላችሁ፤ ሽማግሌ ተመላልሶ ተመላልሶ ባዶ እጁን ሊሄድ ይችላል፣ ማንም ክፉ አይላችሁም። ለሰርግ ቅጠል ግን አይከለከልም። የከለከለ ሰው እስከ ዛሬ ስላልታየ ቢከለክል ምን እንደሚሆን እንኳ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ አስቡት። ከአሥራ ሦስቱ ወራት በአሥራ ሁለቱ የአስቴር ዱራንታ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ሁሉም ነገር ለምለም ነው፣ ወይ እሱ ራሱ ተቆርጦ ገና አላገገመም። በአንዱ ወር፣ እሷ በምትፈልገው በዚያው ወር፣ ተላጭቶ ጉቶ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ቢጫ ነው የተባለው ተክል ቢጫነቱን የሚያሳየው የሰው ዳስ ላይ ነው። እኔ በዚህ እስቅ ነበር። ኮኬን አልረሳሁማ።

ሳቄ የቆመው ልጃችን ሲፈን የታጨች ጊዜ ነው። ሲፈን ጌዶ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ትሠራለች፤ ሽማግሌ የላከባት ልጅም የዚያው የጌዶ ልጅ ነው። ጠየቁ፣ ፈቀድን። ነገር ግን የልጁ ታላቅ ወንድም መጀመሪያ ይዳር ተባለና የሲፈን ሰርግ ከሚመጣው ጥር ቀጥሎ ላለው ጥር ተቀጠረ። ሽማግሌዎቹን ሸኝተን ስንመለስ አስቴር በሩ ላይ ቆመች፤ አንዱን ቁጥቋጦ አየች፣ ሌላውን አየች፣ ከዚያ መሃላቸው ያለውን ባዶ ሰማይ አየች።

"አገጣጥማቸዋለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ከላይ። ቅስት ይሆናሉ። ሲፈን በዚያ ሥር ትወጣለች።"

ላሾፍባት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ቀጠለች፤ "እኔ ከአባቴ ቤት እንዴት እንደወጣሁ ታውቃለህ።"

አውቃለሁ። ያወጣኋት እኔ ነኝ። ጊዜው ደርግ ነው፤ እሷ የጴንጤ ልጅ፣ እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ፤ አባቷም አባቴም በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም፣ በኛ ጉዳይ ግን ሁለቱም እምቢ በማለት ተስማሙ። አስቴር የወጣችው በጓሮ ነው፤ የአጥሩን ቁልቋል እሾህ በአንሶላ ሸፍኜ፣ በሆዷ አሹልኬ አሳልፌ። ዳስ የለ፣ እልልታ የለ፣ ማዘጋጃ ቤት ፈረምንና ሁለት ሚሪንዳ ጠጣን። ወልደን ከብደን ሁለቱም አባቶች ታርቀውናል፣ ደግሞም ይወዱን ነበር። ግን በጓሮ የወጣ ሰው በጓሮ ነው የወጣው። ይህን ያህል ዓመት ስንኖር አንድም ቀን አንስታው አታውቅም ነበር። አላሾፍኩባትም፤ በማግስቱ በያጅ ጋ ሄጄ ቀጭን ፌሮ እንደ ቀስተ ደመና አጥፌ አስበየድኩና በሩ ላይ ተከልኩላት።

የመጀመሪያው ጥር መጣ። ቅርንጫፎቹ ፌሮውን ይዘው ከግራና ከቀኝ ግማሽ ድረስ ወጥተው ነበር፤ አስቴር በጨርቅ ቅዳጅ አንድ በአንድ አስራቸው ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከመደብር ስመለስ በሩ ላይ ፌሮው ብቻውን ቆሟል። የማን ሰርግ እንደነበር አሁን ረስቻለሁ። አስቴር ደረጃው ላይ ተቀምጣ የተፈቱትን የጨርቅ ቅዳጆች ጉልበቷ ላይ ትጠቀልላለች።

"ለምን ዝም አልሻቸው?"

"ምን ልበል? ለሰርግ ነው አሉኝ።"

ቀጥሎ የሆነውን ኋላ ራሷ ነገረችኝ። ያው ሳምንት ሳያልፍ እትዬ በላይነሽ ጋ ሄደች። እትዬ በላይነሽ ከእኛ በሦስተኛው በር የሚኖሩ፣ በሰፈሩ ሰርግ ሁሉ የወጡን ድስት በበላይነት የሚመሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ከተማችንን ዛሬም በድሮ ስሟ ሀገረ ሕይወት ነው የሚሏት፤ አምቦ ለሳቸው የውሃው ስም ብቻ ነው። ክፋት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ብቻ አንድ ነገር በጆሯቸው ገብቶ በአፋቸው እስኪወጣ ያዘዛችሁት ሻይ አይበርድም። አስቴር አጠገባቸው ቁጭ ብላ ሽንኩርት እያገዘቻቸው እንዲህ አለች፤

"እትዬ በላይነሽ፣ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ለሰርግ ቢሆን ነውር አለው እንዴ?"

"ምን አልሽ አንቺ?"

"አይ፣ እንዲያው ነው የጠየቅኩት" አለችና ወደ ቤታችን በር አቅጣጫ አይታ ተነፈሰች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ቤተ ክርስቲያኗ ውሸትን አጥብቆ ያወግዛል፤ ስለ ጥያቄና ስለ ትንፋሽ ግን የተባለ ነገር የለም።

እኔ የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያውም በመደብሬ መስኮት። የራስ ምታት ክኒን ሊገዛ የመጣ አንድ ጋሪ ነጂ ክኒኑን ኪሱ ከከተተ በኋላ አንገቱን አስገባና "ጋሼ፣ ያ በርዎ ላይ ያለው ነገር እውነት ከመቃብር ተነቅሎ የመጣ ነው?" አለኝ። ማን ነገረህ ስለው "ኧረ ማን ያልነገረኝ አለ!" አለ። ቤት ስገባ አስቴርን አፋጠጥኳት። ዓይኗን አልሰበረችም፤ "እኔ አንድም ነገር አላልኩም፣ ጠየቅኩ እንጂ" አለች። ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ ከሁለታችን ሌላ እውነቱን የሚያውቅ ሰው በአምቦ አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ሚስቴን ከሰፈር ጋር የማጣላ ሰው አይደለሁም።

ሠራ! እንዴት ሠራ መሰላችሁ። ወተት የምታመጣልን ሴት ጆጎዋን ከመንገዱ ማዶ አስቀምጣ በስም መጣራት ጀመረች። እንቁላል ሻጩ በሩን ሲያልፍ ያማትባል። አንድ የዕድር ሰው ደግሞ በትህትና መጥቶ የመካነ መቃብሩ አጥር ስለተራቆተ ከዚያው ዘር ትንሽ ብትለግሱን ብሎ ጠየቀ፤ አስቴር ፊቷ ደም መሰለ፤ ግን ምን ትበል፣ ቆርጣ ሰጠችው። ክረምቱ እንደልቡ ዘነበ፤ ቁጥቋጦው እንደልቡ ወጣ። መስቀል ሳይደርስ ግራውና ቀኙ ፌሮው አናት ላይ ተገናኙ። ከገና ወዲያ ንፋሱ ተነሣ፣ አቧራው ገባ፣ አምቦ ገለባ መሰለች፤ የኛ በር ግን ከዳር እስከ ዳር ድፍን ቢጫ ሆኖ ቆመ። ጥር ገባ፣ ዳስ በዳስ ሆነ፤ አንድ ማጭድ ወደ እኛ አልመጣም። አስቴር ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ቆማ አንጋጣ ታይ ነበር። እኔም ደጋግሜ ወጥቼ አይ ነበር፤ እሷ ሳታየኝ። ኮኬን ያን ሰሞን ረሳኋት።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ቤታችን ግማሽ መዝሙር ግማሽ ዘፈን ነው፤ የአስቴር ዘመዶች በአንዱ የዳሱ ጥግ ይዘምራሉ፣ የኔዎቹ በሌላው ጥግ ያጨበጭባሉ፣ መሃል ላይ ያለው ሰው ሁለቱንም ይላል። እትዬ በላይነሽ ጓሮ በድስቶቹ መሃል ናቸው። የጌዶ መኪኖች ክላክሳቸውን እያስጮሁ ሲደርሱ የሰፈሩ ሴቶች ልጆች እንደ ወጉ ሰርገኛውን አናስገባም ብለው በሩ ላይ ተደረደሩ። ወጉ የታወቀ ነው፤ እነሱ አናስገባም ይላሉ፣ ሰርገኛው ይለማመጣል፣ ይገፋል፣ ይገባል።

ሰርገኛው ግን አልገፋም። ባለበት ቆመ። ልጆቹም ግራ ገብቷቸው ዘፈኑ ቀስ እያለ ሞተ።

ከፊት የነበሩት የሙሽራው አጎት ኦቦ ቶለራ ናቸው፤ የከብት ነጋዴ፣ ረጅም፣ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ፣ የቤተሰቡ ቃል በእጃቸው ያለ ሰው። ቅስቱን ከታች እስከ ላይ አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ለአስቴርና አጠገቧ ለቆምኩት ለኔ ብቻ እንዲሰማ አድርገው፣

"ሃዳ ሲፈን፣ ሌላ በር የላችሁም?" አሉ።

"ምነው፣ ኦቦ ቶለራ?"

"ክፉ አይደለም። ልጆች ናቸው፣ ገና ሊጀምሩ ነው። የሙታን ነገር ከራሳቸው በላይ ባይሆን ብዬ ነው። ጓሮ በኩል አጥሩን ትንሽ ከፈት ብናደርግ እኛም በዚያ እንገባለን፣ ልጅቷም በዚያ ትወጣለች።"

ወሬው ጌዶ መድረሱን ያን ጊዜ አወቅን። እንዴት አይደርስም! የአምቦ ወሬ ጌዶ የሚሄደው በገበያ መኪና ነው፤ ከሰው ቀድሞ ቦታ ይይዛል።

የአስቴርን ፊት ባላየው በወደድኩ። ጓሮ። ከቃላት ሁሉ መርጠው ጓሮ አሉ። ልጇ፣ በዚያ ሁሉ ውሃና ጨርቅ ቅዳጅ የጠበቀችላት በር እያለ፣ በአጥር ቀዳዳ ልትወጣ ነው። አስቴር የያዘችውን ትሪ ለአንዲቷ ልጅ ሰጠችና አማርኛው አልበቃ ብሏት ድምጿ በኦሮምኛም ወጣ፤

"ሶባ ዳ፣ ኦቦ ቶለራ፣ ሶባ ዳ! ውሸት ነው! በገንዘቤ ነው የገዛሁት፣ ከጉደር፣ ከችግኝ ጣቢያ! መቃብር የሚባል ነገር አያውቅም! እንዳይቆርጡብኝ ብዬ ነው!"

"ኤዬ፣ ኤዬ" አሉ ኦቦ ቶለራ፤ እሺ፣ እሺ ማለታቸው ነው፤ የሚያለቅስ ሕፃን እንደሚያባብሉ ሁሉ። አንድም ሰው አላመናትም። ከኋላቸው ያሉት የጌዶ ሴቶች ራሳቸውን እየነቀነቁ "እናት አይደለች፣ ምን ታድርግ" ተባባሉ። እኔም ወጥቼ እመሰክራለሁ አልኩ፤ ከጉደር ሲመጣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ አይቻለሁ፣ ይበላል ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ አልኩ። ይህን ስል ደግሞ ይባስ ሳቁ፤ ባል ሚስቱን ካልደገፈ ማንን ይደግፋል አሉኝ። ያ ወሬ በትንፋሽ ብቻ ታምኖ ነበር፤ እውነቱ በጩኸትም አልታመን አለ። አንዱ ጎረምሳ ወደ ጓሮ አጥሩ ሊሄድ ዞር ማለቱን አየሁ። ሲፈን መጋረጃውን ገልጣ በመስኮት ታያለች።

ይኼኔ እትዬ በላይነሽ ጭልፋቸውን እንደያዙ ከጓሮ ወጡ። ሁሉን ሰምተዋል፤ እሳቸው ምን ሳይሰሙ ይቀራል!

"ከመቃብር ነው!" አሉ።

አስቴር "እትዬ በላይነሽ፣ በፈጠረዎት..." ብላ እጃቸውን ያዘች። አስለቀቁ።

"አዎ፣ ከመቃብር ነው። እኔ ነኝ ያልኩት፣ አሁንም እላለሁ። ግን ጌታዬ፣ የማን መቃብር እንደሆነ ጠየቃችሁ? አልጠየቃችሁም። የባልና ሚስት ነው። ባንድ ጎጆ አርጅተው፣ ባንድ በትር ተመርኩዘው፣ የልጅ ልጅ አይተው፣ ባንድ ጉድጓድ የገቡ። ክፉ ቃል ሲለዋወጡ የሰማ ጎረቤት የለም። ከራስጌያቸው የበቀለ ነው። ይቺ ሴት ደግሞ ለማንም አልሰጥም ብላ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ለማን መሰላችሁ? ለናንተ ልጅ! እናንተ ደግሞ ጓሮ ትላላችሁ!"

ኦቦ ቶለራ ጢማቸውን አሻሹ።

"ስማቸው ማን ነበር?"

"በሰርግ ቀን የሙታን ስም ይጠራል እንዴ?" አሉ እትዬ በላይነሽ፤ እንዲያውም ተቆጡ።

ኦቦ ቶለራ አፈሩ። ያን የማይወርድ ባርኔጣ አወረዱ። ቅስቱ ሥር ገብተው ቆሙና እጃቸውን ዘርግተው በኦሮምኛ መረቁ፤ "ዋቅኒ ሃ ኤቢሱ" ሲሉ፣ እግዚአብሔር ይባርክ ማለታቸው ነው፣ ሁሉም አሜን አለ። ልጆቹ ዘፈናቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ፤ ሰርገኛው ገፋ፣ ገባ። አስቴር በሩ ምሰሶ ላይ ተደገፈች። እኔም ትንፋሼን ለቀቅኩ።

ቶሎ ነበር የለቀቅኩት። ምክንያቱም ኦቦ ቶለራ ሲገቡ እግረ መንገዳቸውን አንዲት ቀንበጥ ቀነጠሱና ባርኔጣቸው ላይ ሰኩ። ከሳቸው ቀጥሎ የገባው ሚዜ ይህን አየና አንድ ቀነጠሰ፤ ኮቱ ኪስ አደረገው። ከሱ ቀጥሎ የሙሽራው አክስት፤ አንድ ለራሷ፣ አንድ ከባሏ ጋር ለምትጨቃጨቅ እህቷ። የባልና ሚስት ቅጠል ነዋ! የጌዶዎቹ ሲያልቁ የኛ ሰፈር ሰዎች ቀጠሉ፤ ዓመት ሙሉ መንገድ ሲሻገሩ የከረሙት። ወተት የምታመጣው ሴት ረዘም ያለውን መርጣ ወሰደች። እንቁላል ሻጩ የሚቀነጥሰው በሁለት እጁ ነበር። አስቴር አንዴ "ኧረ ቀስ!" ስትል ሰማኋት፤ ግን ለሰርግ ቅጠል አይከለከልም፣ ያውም ለራሷ ልጅ ሰርግ።

ምሳ ተበልቶ፣ ሙሽሮቹ ተመርቀው፣ ሲፈን ልትወጣ ስትነሳ በሩ ላይ የቀረው ፌሮውና ጥቂት የጨርቅ ቅዳጅ ነበር። ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ "ጋሼ፣ ይቺን ብረት ዞር ብናደርጋት ምን ይመስልዎታል? ምስል ታበላሽብኛለች" አለኝ። ተዋት አልኩት። ሲፈን በቬሏ ጎንበስ ብላ በባዶው ፌሮ ሥር አለፈች። ከፊት በር ወጣች። መንገዱ ግራና ቀኙ ሰው ብቻ ነበር፤ ባርኔጣው ላይ፣ ነጠላው ጥለት ላይ፣ የጋሪ ፈረሶቹ ልጓም ላይ ሳይቀር ቢጫ ቅጠል ነበር። አስቴር አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ አበጠ። ለልጅቷ ይሁን ለቅጠሉ አልጠየቅኳትም።

ከእትዬ በላይነሽ ጋር ጥቂት ጊዜ ተኳረፈች። እሳቸው ደግሞ ምንም አልገባቸውም፤ "ልጇን በፊት በር ዳርኩላት፣ ምን በደልኳት?" እያሉ ለኔ ይነግሩኛል። ኋላ ራሷ ሽንኩርት ልታግዛቸው ሄደች።

ዱራንታ ደግሞ ሲቆርጡት ይብሱን የሚያድግ ነገር ነው። በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ተነሣ፣ በመስከረም አናቱ ላይ ሊገጥም ጥቂት ቀረው። ሰዎች ግን መምጣታቸውን አላቆሙም። ከጌዶ ይመጣሉ፣ ከጉደር ሳይቀር ይመጣሉ፤ የጉደር ሰው ከጉደር የመጣውን ፍለጋ አምቦ ድረስ! አንዱ ልጁን ሊድር ነው፣ አንዷ ባሏ አመል አውጥቷል። አስቴር ከእንግዲህ ላትሸፍን ለራሷ ቃል ገብታ ነበርና ለእያንዳንዱ እውነቱን ትነግራለች፦ ተገዝቶ የመጣ ተክል ነው፣ ባልና ሚስት የሚባሉ የሉም። እነሱም በአክብሮት ያዳምጧታል፣ "ይሁን፣ አንቺ ደብቂው" ይሉና ቀንጥሰው ይሄዳሉ። እሷም የማትሰጠው አንድ ቦታ ብቻ አስቀረች፤ አናቱን፣ ሁለቱ የሚገናኙበትን። እዚያ እጁን የሚሰድ ሰው ካለ ለሰርግም ቢሆን ወዮለት።

ባለፈው በጋ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴትዮ መጡ። ከእንጭኒ ነው የመጣሁት አሉ፤ ጫማቸው የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይዟል። አስቴር ገና ከመቀመጣቸው የተለመደውን ጀመረች፤

"እናቴ፣ ሳልዋሽዎት ልንገርዎት፣ ይኼ ነገር ከመቃብር የመጣ አይደለም።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ" አሉ ሴትዮዋ።

አስቴር ደነገጠች። እስከዚያ ቀን ያመናት ሰው አልነበረማ።

"ታዲያ እንዴት መጡ?"

"ልጆቼ ሁሉ አግብተው፣ ሥራ ይዘው ሄደዋል። ቤቱ ጭር ብሏል። በበጋ ደጄን ሳየው ያስጠላኛል። ይኼ ግን በበጋም አይረግፍም አሉኝ።" ቀና ብለው ቅስቱን አዩና ወደ አስቴር ዞሩ። "እሱም ውሸት ነው?"

ሲፈን ከሄደች ዓመት አልፏታል፤ አስቴር አሁንም ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆም ብላ ነው የምትገባው።

"እሱ እውነት ነው" አለች።

ከዚያ መቀሱን አነሳችና ወንበር አምጣልኝ አለችኝ። ከጎን ትቆርጥላቸዋለች ብዬ ከምሰሶው አጠገብ አስቀመጥኩት። ወደ መሃል ሳበችው፣ ወጣችበት፣ ከአናቱ፣ ከመጋጠሚያው ላይ ቆረጠች። እኔ ወንበሩን ይዤ ቆምኩ።